ገና ላልመጣ ሄደር የሚያዝ ቦታ

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ውስጥ አንዲት አጭር እርማት ገባች። ሥራዋ አንድ ቁጥር ከ512 እንዳያልፍ መከልከል ነው። ከዚያ በፊት ቁጥሩ ልጓም አልነበረውም፤ ፓኬት (በኔትወርክ የሚላክ የመረጃ ጥቅል) ባለፈ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እያለ ያድጋል፣ አይቀንስም፣ «እስከ የት?» ብሎ የሚጠይቀውም የለም።

ችግሩን ያጋለጠው ሲዝካለር ነው፤ ከርነሉን በዘፈቀደ ጥሪዎች እየደበደበ ቀዳዳ የሚፈልግ ፕሮግራም። አደራደሩ እንዲህ ነበር። ተነል ማለት አንዱን ፓኬት በሌላ ፓኬት ውስጥ ጠቅልሎ የሚልክ መንገድ ነው፤ ጂአርኢና አይፒአይፒ ሁለት ዓይነቶቹ ናቸው። አንድ የጂአርኢ ተነል ፓኬቱን ጠቅልሎ ለአይፒአይፒ ተነል ያስረክባል፤ የአይፒአይፒው መንገድ ደግሞ ዞሮ ወደዚያው ወደ ጂአርኢው ይጠቁማል። እያንዳንዱ ተነል «ከእኔ በኋላ ያለው ምን ያህል ባዶ ቦታ ይፈልጋል?» ብሎ ያያል፣ የራሱን ይጨምርበታል፣ ድምሩንም የራሱ ፍላጎት አድርጎ ይመዘግባል። ሁለቱ እየተያዩ መደመር ጀመሩ። ውሎ አድሮ ከፓኬቱ ፊት የሚያዘው ባዶ ቦታ ከ64 ኪሎባይት አለፈ። ሄደሩ (ከፓኬቱ ፊት የሚለጠፈው የአድራሻና የመቆጣጠሪያ መረጃ) የት እንደሚጀምር የሚመዘገብበት ቁጥር ግን 16 ቢት ብቻ ስለሆነ ዞሮ ከዜሮ ጀመረ፤ ሲቀናነስ አሉታዊ መጣ፤ አሉታዊው ምልክት በሌለው ቁጥር ቤት ሲገባ እጅግ ግዙፍ ሆነ፤ ጠቋሚውም ከቋቱ (ፓኬቱ ከተቀመጠበት የሜሞሪ ክፍል) ውጭ ወጥቶ የሰው ሜሞሪ ላይ አረፈ።

እንዲህ ዓይነት አደራደር ጤነኛ ሰው አይሠራም ይባል ይሆናል። ልክ ነው። ጉዳዩን ያነሳሁት ግን ለእንግዳነቱ አይደለም። የኔትወርክ ድራይቨር (ካርዱን ከከርነሉ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) የሚጽፍ ሰው ሁሉ የሚነካውን፣ ብዙው ሰው ግን እንደ ጥቃቅን ነገር የሚያልፈውን አንድ ልማድ ስላጋለጠ ነው፤ ከፓኬት ፊት ቦታ አስቀድሞ መያዝን።

ከኋላ ወደ ፊት የሚገነባ ነገር

ፓኬት የሚሠራው ከመሐሉ ተጀምሮ ወደ ፊት ነው። መጀመሪያ የተጠቃሚው መልእክት አለ። ቲሲፒ ወይም ዩዲፒ ሄደሩን ከፊቱ ይለጥፋል፤ አይፒ ከዚያ ፊት፤ ኢተርኔት ደግሞ ከሁሉም ፊት። መልእክቱ የቋቱ መነሻ ላይ ከተቀመጠ እያንዳንዱ ሄደር በመጣ ቁጥር ያለው ሁሉ ወደ ኋላ መገፋት አለበት። አንድ ሚሊዮን ፓኬት በሰከንድ በሚያልፍበት ማሽን ይህ የማይታሰብ ነው። ደብዳቤ ጸሐፊ ለቁጥሩና ለቀኑ ከወረቀቱ አናት ባዶ መስመር ትቶ እንደሚጀምር፣ ከርነሉም ከቋቱ ራስጌ ባዶ ቦታ ትቶ ይጀምራል።

ሊኑክስ ይህን የሚያደርገው «ኤስኬ በፍ» በሚባለው መዋቅር ነው። አራት ጠቋሚዎች አሉት፦ ቋቱ የሚጀምርበት፣ መረጃው የሚጀምርበት፣ መረጃው የሚያልቅበትና ቋቱ የሚያልቅበት። በመጀመሪያው ጥንድ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ራስጌው ነው፤ በመጨረሻው ጥንድ መካከል ያለው ግርጌው። «ኤስኬቢ ሪዘርቭ» የተባለው ፈንክሽን የሚያደርገው ነገር ቢኖር ሁለቱን የመሐል ጠቋሚዎች እኩል ወደ ኋላ ማሸሽ ነው። ሁለት መደመር፣ በቃ። በቂ ቦታ መኖሩንም አይፈትሽም። የሚጠራውም ቋቱ ገና ባዶ ሳለ ብቻ ነው፤ መረጃ ከገባ በኋላ አርፍዷል።

በወረቀት ላይ እናስላው። 100 ባይት መልእክት አለን፤ ከራስጌ 128 ባይት እንያዝ። መረጃው ከ128 ጀምሮ 228 ላይ ያልቃል። ዩዲፒ 8 ባይት ሲገፋ መነሻው 120 ይሆናል፤ አይፒ 20 ሲጨምር 100፤ ኢተርኔት 14 ሲጨምር 86። መልእክቱ ከቦታው አንዲት ባይት አልተነቃነቀም፤ ከፊት ደግሞ ገና 86 ባይት ተርፏል።

አሁን በመሐል ዋየርጋርድን (ፓኬቱን የሚያመሰጥር ተነል) እናስገባ። የአይፒው ፓኬት መነሻው 100 ላይ እንዳለ ተመስጥሮ 16 ባይት የዋየርጋርድ ሄደር፣ 8 ዩዲፒ፣ 20 አይፒ ይጫንበታል፤ መነሻው 56 ላይ ይደርሳል። ከኋላም 16 ባይት የማረጋገጫ ማኅተም ስለሚለጠፍ ግርጌውም መኖር አለበት። ኢተርኔት ሲጨመር 42። አሁንም እንተነፍሳለን። ቀጥሎ ግን ይህ ሁሉ በቪኤክስላን ውስጥ ማለፍ አለበት እንበል፤ ዛሬ በዳታ ማዕከል ምናባዊ ማሽኖችን የሚያገናኘው መረብ ብዙ ጊዜ እሱ ነውና። ቪኤክስላን 8፣ ዩዲፒ 8፣ አይፒ 20፣ የውጭ ኢተርኔት 14፤ ድምሩ 50 ባይት። እኛ ያለን 42 ነው። ስምንት ባይት ጎደለ።

ስምንት ባይት ስትጎድል ምን ይሆናል? ሁለት መንገድ አለ። ኮዱ ቀድሞ ከፈተሸ አዲስ ሰፋ ያለ ቋት ይመደባል፣ ዋናው ቋት ላይ ያለው ይገለበጣል፣ አሮጌው ይለቀቃል፤ ፓኬቱ ይሄዳል፣ ዋጋው ግን በእያንዳንዱ ፓኬት ይከፈላል። ሜሞሪ ከጠፋ ፓኬቱ ይጣላል። ኮዱ ሳይፈትሽ ከገፋ ግን ከርነሉ ጠቋሚው ከቋቱ መነሻ በታች መውረዱን አይቶ ስክሪኑ ላይ «ኤስኬቢ አንደር ፓኒክ» ብሎ ያቆማል። ያችን ጽሑፍ የራሴ ሙከራ ማሽን ላይ ካየኋት ወዲህ «ለዚህች ምን ፍተሻ ያስፈልጋታል» ማለት ትቻለሁ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ቁጥሩን ማን ይወስናል?

የጣጣው ሥር እዚህ ነው። ቦታውን የሚይዘው አንዱ፣ የሚጠቀምበት ሌላው፤ የሚተዋወቁም አይደሉም። ቲሲፒ ቋቱን ሲመድብ ፓኬቱ በየትኛው ካርድ፣ በስንት ተነል እንደሚወጣ ሁልጊዜ አያውቅም። ስለዚህ ይገምታል። ግምቱ ደግሞ ከርነሉ በተገነባበት ቀን የታሰረ ነው። ለታችኛው ንብርብር የሚተወው ከፍተኛ መጠን ገመድ አልባ ድጋፍ ከሌለ 32 ባይት፣ ካለ 96፣ የሜሽ (መሣሪያዎች እርስ በርስ የሚያስተላልፉበት ገመድ አልባ መረብ) ድጋፍ ከታከለበት 128 ነው። ከታወቁት ተነሎች አንዱ ከተካተተ 48 ይጨመራል። ቲሲፒ በዚህ ላይ የራሱን 128 ባይት ደምሮ ወደ ካሽ መስመር (ፕሮሰሰሩ ከሜሞሪ በአንዴ የሚያመጣው መጠን) ያጠጋጋዋል፤ ሁሉም አማራጭ በበራበት ከርነል 304 ይመጣና ባለ 64 ባይት መስመር ላይ 320 ይሆናል። ልብ በሉ፦ ማሽናችሁ አንቴና የሌለው ሰርቨር ቢሆንም ከርነሉ ለሁሉም ተብሎ የተገነባ ከሆነ የሜሽ ኔትወርክን ቦታ በየፓኬቱ ይዛችሁ ትዞራላችሁ።

በ2008 የተሻለ ነገር መጣ። እያንዳንዱ መሣሪያ «ይህን ያህል ራስጌ፣ ይህን ያህል ግርጌ እሻለሁ» ብሎ የሚያስታውቅባቸው ሁለት ሜዳዎች ተጨመሩ። የመሣሪያውን የሄደር ርዝመትና ይህን ፍላጎት ደምሮ፣ ወደ 16 ብዜት አጠጋግቶ የሚያሰላ ማክሮም አለ፤ ለ14ቱ የኢተርኔት ባይት 16 ይሰጣል። ጥሩ ንድፍ ነው። ግን ጥያቄ ነው እንጂ ውል አይደለም። መውጫ መሣሪያውን አይቶ የሚመድብ ኮድ ያከብረዋል፤ ከሌላ ካርድ ገብቶ የሚተላለፍ ፓኬት ግን ከዚህ ጥያቄ በፊት የተወለደ ነው።

ተቀባይ ካርዱ ፓኬቱን በዲኤምኤ (ያለ ፕሮሰሰሩ እገዛ በቀጥታ ሜሞሪ ላይ በመጻፍ) የሚጥልበትን ቋት ድራይቨሩ ቀድሞ አዘጋጅቶታል። በተለመደው አመዳደብ ከፊቱ የሚተወው ከ32 ባይትና ከአንድ የካሽ መስመር ትልቁን ነው፤ በኤክስ86 ማሽን 64 ባይት። አሁን ይህን ፓኬት ብሪጅ (ወደቦችን አገናኝቶ ፓኬት የሚያስተላልፍ) ተቀብሎ በቪኤክስላን ያውጣው። የተነሉ ኮድ የሚያሰላው 16 ለውጭ ኢተርኔት፣ 16 ለዩዲፒና ለቪኤክስላን፣ 20 ለአይፒ፤ 52። ከ64 ያንሳል፣ ሁሉም ሰላም። የውጩን መረብ ወደ አይፒቪ6 ስትቀይሩት ግን 20ው 40 ይሆንና ድምሩ 72 ይደርሳል። ምንም ስህተት አይታይም፣ ሎግ ላይ አንድ መስመር አይጻፍም። የሚሆነው እያንዳንዱ ተላላፊ ፓኬት አዲስ ቋት ተመድቦለት መገልበጡ ብቻ ነው። ፕሮሰሰሩ ለምን እንደተወጠረ የሚፈልግ ሰው ቀኑን ሙሉ ፋየርዎሉን ሲፈትሽ ይውላል።

ለዚህ በ2016 መፍትሔ ቢጤ ተበጀ። ብሪጅ ወይም ምናባዊ ስዊች ውስጥ የተሰካ መሣሪያ «ስትቀበልም ይህን ያህል ራስጌ ተውልኝ» ተብሎ እንዲነገረው ተደረገ። የሚሰማው ግን ድራይቨሩ ከደገፈው ብቻ ነው፤ ቬት እና ተን የመሳሰሉት ምናባዊ መሣሪያዎች ይሰማሉ።

የግማሽ ገጹ ሒሳብ

«ታዲያ 256 ወይም 512 ባይት ለሁሉም ትቶ መገላገል አይቻልም?» የሚል አይጠፋም። ይህን ጥያቄ በደንብ የሚመልሰው የኤክስዲፒ ታሪክ ነው።

ኤክስዲፒ በ2016 ከርነል 4.8 ላይ ገባ። ፓኬት ገና ከካርዱ እንደደረሰ፣ ኤስኬ በፍ ሳይሠራለት፣ ድራይቨሩ ውስጥ ትንሽ ፕሮግራም እንዲያየው ያስችላል። ብዙም ሳይቆይ ፕሮግራሙ ከፓኬቱ ፊት ሄደር መጨመርና መቀነስ እንዲችል ተደረገ። ፌስቡክ በ2018 ኮዱን ለሕዝብ የከፈተው ካትራን የተባለ ጭነት አከፋፋይ የሚሠራው በዚህ ነው፤ ፓኬቱን ተቀብሎ ሌላ የአይፒ ሄደር ጭኖ እዚያው ወደ ትክክለኛው ሰርቨር ይመልሰዋል። ለዚህ ሲባል ከርነሉ የኤክስዲፒን ራስጌ 256 ባይት ብሎ ወሰነ።

አሁን የሜሞሪውን ገጽ እንይ። ገጹ 4096 ባይት ነው። ቆጣቢ ድራይቨር ገጹን ለሁለት ከፍሎ በ2048 ባይት አንድ ፓኬት ያስተናግዳል፤ አንዱ ግማሽ ሲሠራ ሌላው ይመለሳል። ከግማሹ መጨረሻ ላይ ለኤስኬ በፍ የጋራ መረጃ 320 ባይት ይያዛል፤ 1728 ቀረ። ከዚያ ላይ 256 ሲነሳ 1472። ሙሉ የኢተርኔት ፓኬት ግን 1500 ባይትና 14 ባይት ሄደር ነው። አልገባም!

በዚህ ምክንያት ሁለት ምርጫ ቀረ። አንዱ ለእያንዳንዱ ፓኬት ሙሉ ገጽ መስጠት ነው፤ የመጀመሪያዎቹ የኤክስዲፒ ድራይቨሮች ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ የሜሞሪ ፍጆታው በእጥፍ ያድጋል። ሌላው ራስጌውን መቀነስ ነው። የኢንቴል ድራይቨሮች 192 ላይ የቆሙት ከዚህ ሒሳብ የተነሳ ነው፦ 1728 ሲቀነስ 192፣ 1536 ይሆናል፤ ከቪላን መለያና ከማረጋገጫ ድምር ጋር 1522 ባይት የሚሆነው ፓኬት ተመቻችቶ ይቀመጣል። 192 ቁጥሩ ከየትም የወረደ ሲመስል፣ በእውነቱ ከገጽ ግማሽ ላይ የተረፈ ፍርፋሪ ነው።

ያም ሆኖ ራስጌው ሁሉ የፕሮግራሙ አይደለም። ፓኬቱ ወደ ሌላ ካርድ ሲዛወር ከርነሉ ራሱ ማስታወሻውን እዚያው ራስጌው አናት ላይ ይጽፋል። ፕሮግራሙ ለኋለኛው ንብርብር የሚያሳልፈው ሜታዳታም (ስለ ፓኬቱ የሚናገር ማስታወሻ) የሚቀመጠው እዚያው ራስጌው ውስጥ ነው። ለሄደር ተብሎ የተተወው ባዶ ቦታ ቀስ በቀስ የሁሉም ዕቃ ቤት ሆነ። ለእኔ የሚያሳስበው ይህ ነው፤ ሦስት ተጠቃሚ ያለው፣ አንድም ባለቤት የሌለው ቦታ።

የሁለቷ ባይት ነገር ደግሞ ሳትነሳ አትታለፍም። የኢተርኔት ሄደር 14 ባይት ስለሆነ አይፒው ለአራት በማይካፈል አድራሻ ላይ ይወድቃል። ይህ ለማይመቻቸው ፕሮሰሰሮች ድራይቨሩ ከራስጌ ሁለት ባይት ጨምሮ ይተዋል፤ 14 እና 2፣ 16። በኤክስ86 ግን ከ2010 ጀምሮ ያች ሁለት ዜሮ ሆናለች፤ ፕሮሰሰሩ ያልተስተካከለ አድራሻ አያስጨንቀውም፣ ዲኤምኤው ግን ከካሽ መስመር መነሻ ቢጀምር ይሻለዋል።

ቦታ አለ ማለት የእኔ ነው ማለት አይደለም

ብዙ ድራይቨር የሚሰናከለው ቦታው በመጉደሉ ሳይሆን ቦታውን አግኝቶ ነው። የዩኤስቢ ኢተርኔት አስማሚዎችን እንውሰድ። ቺፑ ከእያንዳንዱ ፓኬት ፊት የራሱን ትእዛዝ ይፈልጋል፤ ለምሳሌ ኤስኤምኤስሲ95 ኤክስኤክስ የተባለው ቤተሰብ 8 ባይት፣ የቼክሰም (የማረጋገጫ ድምር) ሥራ ለካርዱ ሲተውለት 12። ድራይቨሩ ራስጌውን ለካ፣ በቂ ነው፣ ጻፈበት፣ ላከ። ምን ስህተት አለው?

ስህተቱ ፓኬቱ የብቻው አለመሆኑ ነው። ብሪጅ አንድ ፓኬት ለብዙ ወደብ ሲበትን ይዘቱን አይገለብጥም፤ አንድ ቋት ላይ የሚያመለክቱ ሁለት ሦስት ኤስኬ በፎች ይሠራል። እንዲህ ዓይነቱ ክሎን ይባላል። ሁለት ወደብ አንድ ቋት ይዘው ሁለቱም ያችኑ ራስጌ ላይ ቢጽፉ የኋለኛው የፊተኛውን ያጠፋዋል፤ የመጀመሪያው ፓኬት ገና ገመዱ ላይ ሳይወጣ። የሚታየው ምልክት ደግሞ ግራ የሚያጋባ ነው፦ አስማሚው ብቻውን ሲሠራ እንከን የለውም፣ ብሪጅ ውስጥ ሲገባ አልፎ አልፎ የተበላሸ ፓኬት ይወጣል። በ2017 ከዚህ ቺፕ ድራይቨር ተጀምሮ በርከት ያሉ የዩኤስቢ ድራይቨሮች አንድ በአንድ ታረሙ። እርማቱ አንድ መስመር ነው ማለት ይቻላል፦ ራስጌውን ብቻ ከመለካት ይልቅ «ኤስኬቢ ካው ሄድ»ን መጥራት። እሱ ሁለቱንም ይጠይቃል፤ ቦታ አለ ወይ፣ ቦታውስ የእኔ ብቻ ነው ወይ። አንዱ ከጎደለ ገልብጦ ይሰጣል።

እንግዲህ ፍርዴን ልናገር። መሣሪያው ሲመዘገብ የሚያስፈልገውን ራስጌ ማስታወቅና ሲልክ እንደገና መፈተሽ ተደራራቢ ሥራ አይደሉም። የመጀመሪያው ፍጥነት ነው፣ ሁለተኛው ትክክለኛነት። ማስታወቂያውን ዋስትና ያደረገ ድራይቨር አንድ ቀን ይወድቃል፤ ፍተሻውን ብቻ ይዞ የማያስታውቅ ድራይቨር ደግሞ አይወድቅም፣ ግን በየፓኬቱ እየገለበጠ ያዘግማል። የኮድ ግምገማ ላይ የመጀመሪያው ሲጎድል ብዙ ሰው ያያል፤ የሁለተኛው መጉደል የሚታየው አደራደሩ ሲወሳሰብ ነው።

ግርጌው ብዙ አያወራም፤ አንድ ታሪክ ግን ይበቃዋል። ኢተርኔት ከ60 ባይት ያነሰ ፍሬም አይወድም፤ አጭር ፓኬት በባዶ ባይት ይሞላል። በጃንዋሪ 2003 «ኢተርሊክ» ተብሎ ይፋ የሆነው ችግር፣ ብዙ ድራይቨሮች ያንን ሙሌት ዜሮ ሳያደርጉት ቋቱ ውስጥ የነበረውን የቀድሞ መረጃ ቁርጥራጭ ሲልኩ መገኘታቸው ነበር። አጭር ፒንግ እየላኩ የሌላውን ማሽን ሜሞሪ በጥቂት በጥቂቱ መቅዳት ይቻል ነበር።

ሌሎቹ ሲስተሞች ይህንኑ ችግር በየራሳቸው ቋንቋ ይፈቱታል። ከ4.2ቢኤስዲ (የዩኒክስ ዝርያ) ጀምሮ የመጣው ኤምበፍ የተቆራረጡ ትናንሽ ቋቶች ሰንሰለት ነው፤ ከፊት ቦታ ከጠፋ ሌላ ኤምበፍ ከፊቱ ይቀጠላል፣ ነባሩ መረጃ አይነካም። ለስላሳ አወዳደቅ ነው፤ ዋጋው የተበጣጠሰ ፓኬት ይዞ መዞር ነው። ዊንዶውስ በኤንዲአይኤስ (የኔትወርክ ድራይቨሮቹ ማዕቀፍ) የመረጃውን መነሻ «ወደ ኋላ አፈግፍግ» የሚል ጥሪ አለው፤ ቦታ ከሌለ ራሱ ይመድባል። ዲፒዲኬ (ፓኬትን ከከርነሉ ውጭ የሚያስተናግድ ላይብረሪ) ሳይጨነቅ 128 ባይት ይተዋል፣ ቁጥሩንም ስትገነቡት ትቀይሩታላችሁ። ከሁሉም ደስ የሚለኝ ለትናንሽ መሣሪያዎች የተሠራው ኤልደብልዩአይፒ ነው፤ ቋት ስትጠይቁት «በየትኛው ንብርብር ላይ ሆነህ ነው የምትጠይቀው?» ይላችኋል፣ ከዚያ በታች ለሚመጡት ሁሉ የሚበቃውን ራሱ አስልቶ ይተዋል። ግምቱን ከጠሪው ትከሻ አውርዶታል። እርግጥ እሱ የሚያውቃቸው ንብርብሮች ጥቂት ናቸው፤ ተነል በተነል ላይ የሚደርብ የለበትም።

ሊኑክስ ውስጥ ያለው የተነሎቹ መንገድ ሌላ ነበር፤ ከተሞክሮ መማር። አንድ ፓኬት ብዙ ራስጌ ከጠየቀ ያንን አስታውሶ ለሚቀጥለው አስቀድሞ ማስታወቅ። ሐሳቡ ብልህ ነው፤ የመጀመሪያው ፓኬት ይገለበጣል፣ ሁለተኛው ተመቻችቶ ይመጣል። የጎደለው መርሳት ነው። መንገዱ ቢቀየር፣ ትልቁ ተነል ቢነሳ፣ ቁጥሩ እዚያው ከፍታው ላይ ይቀራል። ሁለት ተነሎች ሲተያዩ ደግሞ ምን እንደሚሆን መግቢያው ላይ አየን።

512ም ቢሆን የተሰላ ቁጥር አይመስለኝም። አንድ ቦታ መቆም ስላለበት እዚያ ላይ ቆመ እንጂ። ጣሪያ የተበጀለት ግን ተነሉ የሚማረው ቁጥር እንጂ ፓኬቱ ሊሸከም የሚችለው ሄደር አይደለም፤ ከዚያ በላይ የሚፈልግ ንብርብር ቢመጣ ራሱ ፈትሾ፣ ራሱ አስፍቶ፣ የመገልበጡን ዋጋ ራሱ ከፍሎ ያልፋል።